ገብረ ክርስቶስ ደስታ፦ ሠዓሊና መምህር

የዘመናዊው የኢትዮጵያ ሥነ ሥዕል ታሪክ ሲወሳ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በአብዛኛው የረቂቅ ሥዕል ፈር ቀዳጅ ተብሎ ይጠቀሳል። ስያሜው ተገቢ ቢሆንም ከሕይወቱ ጋር ካልተገናዘበ ሥራውን ከምዕራብ የተቀዳ ብቻ ያስመስለዋል።

ገብረ ክርስቶስ እ.ኤ.አ. በ1932 በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰው ስለነበሩ ከሃይማኖታዊው ሥዕል ጋር የተዋወቀው ገና በልጅነቱ ነው። በአዲስ አበባ የጀመረውን የኮሌጅ ትምህርት አቋርጦ ወደ ሥዕል ካዘነበለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 ጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ሥነ ጥበብ አጠና። በዚያም የጀርመን ኤክስፕሬሽኒዝምንና ከጦርነቱ በኋላ የተስፋፋውን ረቂቅ ሥዕል በቅርብ ተመለከተ። ስለ አገር ናፍቆት የሚናገረውን «አገሬ» የተሰኘ ግጥሙን የጻፈውም በኮሎኝ ሳለ ነበር።

ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ሲጀምር፣ ሥዕሎቹ ከአገር ወግ የራቁና ባዕድ ናቸው የሚል ትችት ገጠማቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 የሣለው «ጎልጎታ» ግን ለዚህ ትችት ምላሽ የሚሆን ሥራ ነው። የሥዕሉ ጉዳይ በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ለዘመናት ሲሣል የኖረው ስቅለት ነው፤ ሠዓሊው የለወጠው አነጋገሩን ነው። ቅርጹን አሳንሶ የሕማሙን ክብደት ለቀይ ቀለም አሸከመው። ከረቂቅ ሥራዎቹ ጎን ለጎን የከተማውን ድኻ ሕዝብ ኑሮም ሥሏል። እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በሥነ ጥበብ ዘርፍ ሸለመው።

የትምህርት ቤቱ መሥራች አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ የተማሩ የእውናዊ ሥዕል ባለሙያ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ እስክንድር ቦጎስያን ከፓሪስ ተመልሶ ከመምህራኑ ጋር ተቀላቀለ። ስለዚህም ተማሪዎች በአንድ ቅጥር ግቢ ውስጥ የተለያዩ የአሣሣል መንገዶችን አነጻጽረው የራሳቸውን ለመሻት ዕድል አገኙ። የገብረ ክርስቶስ የመምህርነት ድርሻ መመዘን ያለበት በዚህ ዐውድ ውስጥ ነው።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ኪነ ጥበብ የፖለቲካ አገልጋይ እንዲሆን ሲጠየቅ ነጻ ለሆነ ሠዓሊ ቦታው ጠበበ። ገብረ ክርስቶስ በ1970ዎቹ ማብቂያ አገሩን ለቆ ወጣ፤ በጀርመን በኩል አልፎ አሜሪካ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በኦክላሆማ ግዛት ሎውተን ከተማ አረፈ። በወጣትነቱ በግጥም የናፈቃትን አገር ዳግም ሳያይ ቀረ።

ጀርመን ቀርተው ከነበሩት ሥዕሎቹ መካከል የተወሰኑት ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመልሰው በስሙ በተሰየመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛሉ። ግጥሞቹም «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርእስ ታትመዋል። ሥዕሉ፣ ግጥሙና መምህርነቱ በአንድነት ሲጠኑ፣ አንድን ሥራ ኢትዮጵያዊ የሚያሰኘው የአሣሣል ስልቱ ብቻ ነው ወይስ የተሸከመው የሕይወት ልምድም ጭምር የሚለውን ጥያቄ እንደገና ያስነሣሉ። ጥያቄው ዛሬም በሥዕል መማሪያ ክፍሎች ውስጥ ሕያው ነው።