ቃል ሳይተነፍስ ያሳቀው ሽማግሌ፦ የማንጋው ሆኩሳይ

አይፎን የያዛችሁ እስኪ የማዕበሏን ኢሞጂ ከፍታችሁ እዩዋት። ጫፏ እንደ ጥፍር የተጠማዘዘችው ያቺ ሰማያዊ ማዕበል የጃፓናዊውን የሆኩሳይን ሥዕል ቁርጥ ናት። ሰውየው ከሞተ ከ170 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ግን ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ማዕበሉ አይደለም፤ አንድ ቃል ሳያናግር ሰው ስላሳቀባቸው ሥዕሎቹ ነው።

ሆኩሳይ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1760፣ የዛሬዋ ቶኪዮ ገና ኤዶ በምትባልበት ዘመን ነው። ያኔ ሥዕል እንጨት ላይ ይቀረጽና ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ ይታተማል፤ ተራው ሰውም ገዝቶ ቤቱ ይወስዳል። እሱም በልጅነቱ እንጨት ቀራጭ ጋር ገብቶ ነበር። ከዚያ ሥዕል ተማረ፣ ስሙንም በየጊዜው እየቀያየረ ከ30 በላይ አደረሰው።

በ1814፣ 54 ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ «ሆኩሳይ ማንጋ» የተባለው መጽሐፉ የመጀመሪያ ቅጽ ናጎያ ከተማ ታተመ። ማንጋ ስለተባለ ዛሬ የምናነበው ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ታሪክ የለውም፣ ገጸ ባሕርያቱም አያወሩም። ገጹን ስትገልጡ ሆዳቸው የተዘረገፈ ወፍራሞች፣ አጥንታቸው የሚቆጠር ቀጫጮች፣ ፊታቸውን የሚያጣምሙ ቀልደኞች፣ አሳና መናፍስት ተደባልቀው ታገኛላችሁ። ማንበብ የማይችል ሰውም አይቶ ይስቃል።

ግን በዚያ ዘመን መሳቅ ቀላል ነገር አልነበረም። ለገበያ የሚወጣ ሥዕል በሳንሱር ያልፋል። በ1804 ኡታማሮ የተባለው ዝነኛ ሠዓሊ ሂዴዮሺ የተባለውን የጥንት ገዥ ከሚስቶቹ ጋር ስለሣለ ብቻ 50 ቀን እጁ ታስሮ ተቀጥቷል። ያውም ሂዴዮሺ ከሞተ 200 ዓመት አልፎት ነበር!

ሆኩሳይ ይህ ሁሉ ሲሆን እዚያው አገር ነበር። እና ምን ሣለ? በ1834 በወጣው 12ኛ ቅጽ ላይ አንድ ሳሙራይ ሽንት ቤት ገብቶ ቁጢጥ ብሏል። ውጭ የሚጠብቁት አጃቢዎቹ ደግሞ አፍንጫቸውን ይዘዋል። በቃ፣ ይኼው ነው። የማንም ስም የለበትም። ሰይፍ ታጥቆ አገር የሚያስፈራው ጌታም ሆዱ ሲታወክ እንደማንኛችንም ነው። በዛሬ ቋንቋ ሚም ነው፤ ለእኛ ከማዕበሉ ይልቅ ድፍረቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ሰውየው ማስታወቂያም ያውቅበታል። በ1817 ናጎያ ውስጥ ሕዝብ ሰብስቦ፣ ትልቅ ብሩሽ ይዞ፣ ዳሩማ የተባለውን መነኩሴ ከ100 ካሬ ሜትር በላይ በሆነ ወረቀት ላይ ሣለው። ላይቭ ገባ በሉት!

ኪሱ ግን ባዶ ነበር። ሁለት ሚስቶቹ ሞቱበት። የልጅ ልጁ በቁማር ያመጣው ዕዳ እሱ ላይ ወደቀ። ማዕበሉን የሣለው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ወደ 70 ዓመቱ ገደማ ነው። በ1839 ደግሞ ቤቱ ተቃጥሎ የዕድሜ ልክ ንድፎቹ አመድ ሆኑ። ቤት በመቀየር 93 ጊዜ ደርሷል ይባላል። ሠዓሊ የሆነችው ልጁ ኦኢ እስከ መጨረሻው አብራው ኖራለች፣ ሠርታለችም።

ከቃጠሎው በኋላ ምን አደረገ? ብሩሹን አነሳ። ከ80 ዓመቱ በኋላ ክፉ ነገር ይራቅልኝ ብሎ በየማለዳው አንበሳ ይሥል ነበር። አንዳንዶቹ አንበሶች ይጨፍራሉ፤ ያ ሁሉ መከራ ቀልዱን አልወሰደበትም።

በ1849፣ ወደ 90 ሲጠጋ ሞተ። ሊሞት ሲል የለመነው አሥር ዓመት፣ ካልሆነም አምስት ዓመት እንዲጨመርለት ነበር ይባላል፤ እውነተኛ ሠዓሊ ለመሆን ያችን ያህል ብቻ ቀረኝ ብሎ። ማንጋው ግን ከእሱ በኋላም ቀጠለ፤ 15ኛውና የመጨረሻው ቅጽ የወጣው በ1878 ነው።

እኛ በ25 ዓመታችን ረፈደብን እያልን እንጨናነቃለን። ሆኩሳይ ግን ወደ 90 ሲጠጋም ገና እየተማረ ነበር።

እናንተስ፣ ያለ ምንም ጽሑፍ ያሳቃችሁ ሥዕል የቱ ነው? ኮሜንት ላይ አካፍሉን፤ አኒሜ ለሚወድ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።