ሊዮፖልድ ፊግል፤ ከማሳ ወደ ሸንጎ

(ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሊዮፖልድ ፊግል በ1902 ዓ.ም. ከኦስትሪያ ዋና ከተማ ከቪየና በስተ ምዕራብ፣ ሩስት በተባለች የገጠር መንደር፣ ከካቶሊክ ገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው ገና በልጅነታቸው ስለ ሞቱባቸው፣ ብዙ ልጆች የነበሩበትን ቤት የማስተዳደሩ ሸክም በእናታቸው ላይ ወደቀ። ልጁ ግን ትምህርታቸውን ገፍተው በቪየና የእርሻ ሳይንስ አጠኑ፤ ከዚያም በትውልድ ክፍለ ሀገራቸው በታችኛው ኦስትሪያ የገበሬዎችን ማኅበር እስከ መምራት ደረሱ።

ያ ዘመን ኦስትሪያውያን እርስ በርሳቸው የተጣሉበት ነበር። መንግሥት በ1933 ፓርላማው ሥራውን እንዳይቀጥል አገደ፤ በየካቲት 1934 ደግሞ ከሶሻሊስቶች ጋር በጦር መሣሪያ ተዋጋ። ፊግል የቆሙት ከመንግሥቱ ወገን ነበር። በ1938 ናዚዎች አገሪቱን ሲይዙ ግን አሳዳጅና ተሳዳጅ የነበሩት በአንድ ባቡር ተጭነው ወደ ዳካው የእስረኞች ካምፕ ተወሰዱ። ፊግል በግርፋትና በረሀብ አምስት ዓመት አሳለፉ። በ1943 ተለቀው በ1944 እንደገና ታሰሩ፤ ነፃ የወጡት በሚያዝያ 1945፣ የጦርነቱ ፍጻሜ ሲቃረብ ነው።

ወዲያውም የክፍለ ሀገራቸው ጊዜያዊ አስተዳዳሪ ሆኑ፤ ለተራበችው ቪየናም ከገጠር እህል እንዲመጣ ደከሙ። በዚያው ዓመት ኅዳር በተደረገው ምርጫ ፓርቲያቸው ከ165 መቀመጫዎች 85ቱን አገኘ። ሆኖም ድምፁ ቢበቃቸውም ለብቻቸው አልገዙም። ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ፣ ትናንት የተዋጓቸውን ሶሻሊስቶችና አራት መቀመጫ ብቻ የነበራቸውን ኮሙኒስቶች ጭምር በመንግሥታቸው አስገቡ። አራት የውጭ ጦሮች የሰፈሩባት ትንሽ አገር ልጆቿ ከተለያዩ ተከፋፍላ ትቀር ነበር።

እስከ 1953 በጠቅላይ ሚኒስትርነት አገለገሉ። ከዚያም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ግንቦት 15 ቀን 1955 በቪየና በቤልቬዴሬ ቤተ መንግሥት፣ የኦስትሪያን ነፃነት የመለሰውን ውል ከአራቱ መንግሥታት ሚኒስትሮች ጋር ፈረሙ፤ የተፈረመውንም ሰነድ ከሰገነት ላይ ሆነው ለተሰበሰበው ሕዝብ አሳዩ። የባዕዳኑ ወታደሮች በዚያው ዓመት አገሪቱን ለቀው ወጡ።

ፊግል በ1962 ወደ ታችኛው ኦስትሪያ አስተዳዳሪነት ተመለሱ። በዚህም ሥራ ላይ ሳሉ፣ የውሉ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ግንቦት 9 ቀን 1965 ዐረፉ።

የገበሬው ልጅ ትልቁ ሥራ በፊርማው ቀን ብቻ የተፈጸመ አይደለም። አሸናፊ ሆነው ሳለ ለተሸነፈው በማዕዳቸው ስፍራ በሰጡ ጊዜ ተጀምሯል። የበደሉንን ይቅር እንድንል ዘወትር ለምንጸልይ ለእኛ፣ ይህ ሊታሰብ የሚገባው ነው።