በላይ ዘለቀ

ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በፋሺስት ጣልያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) በምሥራቅ ጎጃም፣ በተለይም በቢቸና አካባቢ፣ የተዋጉ ስመ ጥር ኢትዮጵያዊ አርበኛ ነበሩ። ከድል በኋላ አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 1937 ዓ.ም.፣ በገዛ አገራቸው መንግሥት አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጥተዋል።

የአርበኝነት ዘመን

አባታቸው ዘለቀ ላቀው በመንግሥት ሰዎች እጅ ከተገደሉ በኋላ፣ በላይ ከወረራው በፊት ጀምረው ሸፍተው በአባይ በረሃ ይኖሩ ነበር። ጣልያን ጎጃም ሲገባ ይህንኑ የበረሃ ውጊያ ልምድ በወራሪው ላይ አዋሉት። ንጉሠ ነገሥቱ በስደት እንግሊዝ አገር ስለነበሩ ለተከታዮቻቸው ማዕረግ የሚሰጡት ራሳቸው ነበሩ። የራሳቸውን ማዕረግ ሲጠየቁም እናታቸው ያወጡላቸው ስም ከሹመት ሁሉ እንደሚበልጥ መመለሳቸው በሰፊው ይነገራል።

በ1933 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ የሸሸው የጣልያን ጦር አባይን በሰላም ተሻግሯል። አንዳንድ የብሪታንያ ጸሐፊዎች ለዚህ በላይን ይወቅሳሉ፤ ከጣልያን ጋር ያበሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ልጃቸውን ሊድሩላቸው ቃል ገብተው ነበር ይላሉ።

ከነጻነት በኋላ

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲመለሱ በላይ የደጃዝማችነት ማዕረግና የቢቸና ግዛት ተሰጣቸው። ሌሎች የጎጃም አርበኞች ከፍ ያለ ማዕረግ ሲያገኙ ግን ቅር ተሰኙ። ከመንግሥት ጋር ያላቸው ግንኙነት ተበላሽቶ ከጦሩ ጋር ተዋጉ፤ በመጨረሻም ተይዘው ሞት ተፈረደባቸው። ፍርዱ ወደ እድሜ ልክ እስራት ተቀየረላቸው፤ ሆኖም ከእስር ቤት አምልጠው እንደገና በመያዛቸው ተሰቀሉ። አብረዋቸው ከተሰቀሉት አንዱ በወረራው ጊዜ ከጣልያን ጎን የነበሩት ልጅ ማሞ ኃይሉ ናቸው። ራስ ኃይሉ ግን በቁም እስር ብቻ ቆዩ።

የአርበኝነት ትርጉም ክርክር

አርበኛና ባንዳ በአንድ ቀን መሰቀላቸው እስከ ዛሬ ያከራክራል። በመንግሥት ወገን አርበኝነት ለዘውዱና ለሕግ መታዘዝንም ስለሚጨምር፣ ከድል በኋላ መሣሪያ ያነሳ ሰው አመፀኛ ነው። ለበላይ ደጋፊዎች ደግሞ አርበኛ ማለት አገር በተወረረች ጊዜ በዱር በገደል የቆየ ሰው ነው፤ ስለዚህ የተሰደዱና ለጠላት ያደሩ ሰዎች ሲሾሙ እሱ መገደሉን እንደ ውለታ ቢስነት ያዩታል።

ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያና በአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ መንገድ በስማቸው ይጠራሉ።