ሪቻርድ ድሩ፦ ቀለም ቀቢውን የሰማ ሰው

ባለፈው የእረፍት ጊዜ ድባጤ ቤተሰብ ጋ ሄጄ የአጎቴን ሞተር ሳይክል ሰልባትዮ በውሃ ብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ላብረቀርቀው ተነሳሁ። መሃሉ መስታወት መሰለ፤ ጠርዙ ላይ ግን ቀለሙ ስስ ስለሆነ አልቆ ከሥር ያለው ፕራይመር ብቅ አለ። ጥፋቱ የእኔው ነው፤ ጠርዙን በማስኪንግ ቴፕ ሳልሸፍን ነው የጀመርኩት። አጎቴ ምንም አላለኝም፤ ዝምታው ግን ከቁጣ ይከብዳል። ያችን ቴፕ ማን እንደሠራት ስፈልግ የሪቻርድ ድሩን ሕይወት አገኘሁ። ለክፍላችን ተማሪዎችም ይጠቅማል ብዬ እንደሚከተለው አቅርቤዋለሁ። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ድሩ በ1899 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሴንት ፖል ከተማ ተወለደ። ባንጆ የሚባለውን የክር መሣሪያ በየጭፈራው ቦታ እየተጫወተ ባገኘው ገንዘብ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ምህንድስና ጀመረ፤ ነገር ግን ሳይጨርስ አቋረጠ። መማሩን ግን እርግፍ አድርጎ አልተወም፤ በተልዕኮ ተከታተለ። በ1921 ስሪ ኤም በሚባለው የብርጭቆ ወረቀት ፋብሪካ በላቦራቶሪ ሠራተኛነት ተቀጠረ።

በዚያው ዓመት ፋብሪካው ፍራንሲስ ኦኪ የፈለሰፈውን፣ ውሃ የማያበላሸውን ብርጭቆ ወረቀት ለገበያ አወጣ። ይህ ለቀለም ሠራተኛ ትልቅ እፎይታ ነበር። በደረቁ ሲታሽ ቀለሙ ይቦናል፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት ስለነበረ አቧራው መርዝ ነው። ውሃው አቧራውን ያጥባል፣ ወረቀቱ እንዳይደፈንም ይከላከላል።

የድሩ ሥራ ይህን ወረቀት ጋራዥ ወስዶ ማስሞከር ነበር። ጊዜው ባለሁለት ቀለም መኪና ፋሽን የሆነበት ነው። በ1923 አካባቢ አንድ ጋራዥ ሲገባ ሠራተኞቹ ሲራገሙ ሰማ። አንዱን ቀለም በጋዜጣና በማጣበቂያ ሸፍነው ሌላውን ይቀባሉ፤ ወረቀቱን ሲያነሱት ቀለሙን ገሽልጦ ይነሳል። የቀናት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ድሩ ስለ ማጣበቂያ የሚያውቀው ነገር ሳይኖር መፍትሔ አመጣለሁ ብሎ ቃል ገባ።

ዘይቱንም ሙጫውንም እየቀላቀለ ሁለት ዓመት ያህል ለፋ። አለቃው ዊሊያም ማክናይት ወደ ብርጭቆ ወረቀቱ እንዲመለስ አዘዘው፤ እሱ ግን ነገሩ ከልቡ አልወጣም። አለቃውም ሲሠራ አይቶ እንዳላየ አለፈው። በመጨረሻ የተሸበሸበ ወረቀት ላይ ማጣበቂያ ቀብቶ በ1925 ማስኪንግ ቴፕን አስገኘ። በ1930 ደግሞ እኛ ስኮች የምንለውን ግልጽ ፕላስተር ሠራ፤ በዚያ የኢኮኖሚ ችግር ዘመን ሕዝቡ የተቀደደውን ሁሉ የሚጠግነው በዚሁ ነበር። በ1980 አረፈ፤ በ2007 ስሙ በአሜሪካ የፈልሳፊዎች የክብር መዝገብ ሰፈረ።

እኔም ሰልባትዮውን እንደገና ቀብቼ፣ ቀለሙ በደንብ ከደረቀ በኋላ ጠርዙን በቴፕ ሸፍኜ፣ መጀመሪያ በ1500 ቀጥሎ በ2000 ቁጥር በውሃ አሸሁት፤ በኮምፓውንድና በለስላሳ ጨርቅም ጨረስኩ። አጎቴ ዞር ዞር ብሎ አየውና በጣቱ ነካው።

ጓደኞቼ፣ ለተግባር ልምምድ ጋራዥ ስንወጣ ከመፍቻው በፊት ጆሯችንን እናዘጋጅ። ድሩ ማጣበቂያ አያውቅም ነበር፤ የቀለም ቀቢውን እሮሮ ግን ከልቡ ሰምቷል።