ስለ ኦኔሲሞስ ነሲብ፤ ከደቀ መዝሙሩ የተማረ መምህር

ልጅ ጽሕፈት ሊማር ወደ ተማሪ ቤት በሚመጣበት ጊዜ ባዶውን የሚመጣ የሚመስለው አስተማሪ ብዙ ነው። ነገር ግን ልጅ ባዶውን አይመጣም። ከእናቱ የሰማውን ቋንቋ፥ ከአያቱ የተቀበለውን ተረትና እንቆቅልሽ፥ ከብት ሲጠብቅ ከጓደኞቹ ጋር ያዜመውን ዜማ ይዞ ይመጣል። አስተማሪው ይህን ስንቁን ከደጅ ቢያስጥለው የልጁ እጅ ፊደል ይሥላል፥ ልቡ ግን ዝም ይላል። ይህን ነገር በሥራው ያስረዳን አንድ ሰው ነበረና ልጆች ሆይ፥ ታሪኩን ስሙ። ዓመታቱን የቈጠርነው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር አገር በሁሩሙ አጠገብ ተወለደ። በልጅነቱ ስሙ ሂካ ነበረ። በአማርኛ እስረኛ ተፈታ፥ ሕልም ተፈታ፥ እንቆቅልሽ ተፈታ እንደምንል፥ በኦሮምኛም የታሰረውን ለመፍታትና ቋንቋን ለመተርጐም ቃሉ አንድ ነው፤ ሂካ የሚለውም ስም ከዚያ ቃል የወጣ ነው። ይሁን እንጂ ፈቺ የተባለው ልጅ ራሱ ታሰረ። አባቱ በሕፃንነቱ ሞተ፤ እርሱንም ገና ልጅ ሳለ የባሪያ ነጋዴዎች ነጥቀው ወሰዱት። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ጌታ እየተሸጠ ከአገሩ ርቆ እስከ ምፅዋ ደረሰ።

በ1870 ወርነር ሙንዚንገር የሚባል የስዊስ ሰው በምፅዋ ነጻ አወጣውና ለስዊድን ወንጌላዊት ሚሲዮን ሰጠው። ሂካም ከፊደል ጀምሮ በትጋት ተማረ። በ1872 በፋሲካ ቀን ተጠምቆ ኦኔሲሞስ ተባለ። ይህም ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ወንድም ተቀበለው ብሎ የለመነለት የዚያ ሰው ስም ነው። ከዚያም በኋላ ወደ ስዊድን አገር ሄዶ በስቶክሆልም ባለው በዮሐንስሉንድ ተማሪ ቤት አምስት ዓመት ያህል ተምሮ በ1881 ተመለሰ።

አሳቡ ሁሉ ወደ ተወለደበት አገር ተመልሶ ሕዝቡን ለማስተማር ነበረ። መጀመሪያ በሱዳን መንገድ ሊገባ ተነሥቶ እስከ አሶሳ ድረስ ተጓዘ፥ ነገር ግን ሕመም ስለ በረታባቸው እርሱና ጓደኞቹ ተመለሱ። ሁለተኛም ወደ ጅማ ሊያልፍ አስቦ እስከ እንጦጦ ደረሰ፤ እርሱም ዛሬ ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው የሚያልፍበት ተራራ ነው። በ1886 ከዚያ ወዲያ እንዳይሄድ ስለ ተከለከለ ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ቈርጦ በተቀመጠ ነበር። ኦኔሲሞስ ግን እግሩ ቢከለከል ቃሉ እንዲሄድ ብሎ በምፅዋ አጠገብ ወዳለችው ወደ ምንኩሉ ተመልሶ መጻሕፍትን በኦሮምኛ መተርጐም ጀመረ።

በዚህ ሥራ ላይ ሳለ አንድ ትልቅ ችግር አገኘው። ከእናቱ ቤት በልጅነቱ ስለ ተነጠቀ የቋንቋው ብልሃት ሁሉ በእጁ አልነበረም። የስዊድንን ትምህርት ተምሯል፥ ነገር ግን የኦሮሞ እናት ልጇን የምታባብልበትን ቃል፥ ሽማግሌ ነገርን የሚቋጭበትን ምሳሌ የሚያስተምር ተማሪ ቤት በስቶክሆልም አልነበረም። የተማረ ሰው በዚህ ጊዜ ሁለት መንገድ ይቀርብለታል። አንደኛው ጉድለቱን ሸሽጎ በትዕቢት መጻፍ ነው፤ ሁለተኛው ዝቅ ብሎ ከሚያውቅ መጠየቅ ነው። ኦኔሲሞስ ሁለተኛውን መረጠ።

በ1886 የኢጣልያ መርከብ በቀይ ባሕር ወደ ዓረብ አገር ሲወሰዱ የነበሩትን ባሮች አስጥሎ ነበር። ከእነርሱም መካከል አስቴር ጋኖ የምትባል ኦሮሞ ልጅ ወደ ምንኩሉ ተማሪ ቤት መጣች። ኦኔሲሞስም የዚህችን ልጅ አእምሮ ብሩህነትና ቋንቋዋ የጠራ መሆኑን አስተዋለ። ስለዚህ ተማሪ ናት ብሎ ሳይንቃት የኦሮምኛን ቃላት እንድትሰበስብ ሥራ ሰጣት። እርሷ የሰበሰበችውም በ1893 ለታተመው ለኦሮምኛ አዲስ ኪዳን ትርጕም ጠቀመ። ደግሞም አስቴር ተረቱን፥ እንቆቅልሹን፥ ምሳሌውንና ዘፈኑን 500 ያህል ሰበሰበች። ከዚህም የሚበዛውን በልቧ ይዛው የመጣች ነበረች፤ ነጋዴዎቹ ከአገሯ ሲነጥቋት ይህን ሊነጥቋት አልቻሉምና።

በ1894 ሁለቱ በአንድነት ለጀማሪ ልጆች የሚሆን የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አሳተሙ። በውስጡም አስቴር ከሰበሰበችው ተረትና ምሳሌ ብዙ ገባ። ኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም በሙሉ በ1899 ታተመ።

ይህ የማንበቢያ መጽሐፍ ለሚያስተምር ሰው ብዙ ጥበብ አለው። ልጅ የማያውቀውን ቃል ጻፍ ቢሉት እንደ ሥዕል አድርጎ ይገለብጠዋል፥ ቢሳሳትም ስሕተቱን አያውቅም። የሚያውቀውን እንቆቅልሽ ቢጽፍ ግን ጆሮው ዳኛ ይሆንለታል፤ የጻፈውን መልሶ ሲያነብ ካፉ የለመደው ሳይሆን ቢቀር ራሱ ይደነግጥና ያርማል። አስተማሪም የልጆቹን አፍ በሚገባ መስማት አለበት። በኦሮምኛ ቦና የሚለው ቃል ኦው ሲያጥር በጋ ማለት ነው፥ ሲረዝም ግን ኩራት ማለት ነው፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱ አይለያዩም። በአማርኛም ገና ብለን ስንጽፍ በዓሉን ይሁን ያልደረሰውን ጊዜ ፊደሉ ብቻውን አይነግረንም። ይህን ለይቶ የሚያውቀው ቋንቋውን ከእናቱ የሰማ ልጅ ነው። ስለዚህ በዚህ ጊዜ መምህሩ ይጠይቃል፥ ልጁም ይመልሳል፤ ይህም ለመምህሩ ውርደት አይደለም።

በ1904 ኦኔሲሞስ ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ ወለጋ ገባ፤ አስቴርም አብራ ገባች። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በደስታ ተቀበሉት፥ እርሱም በኦሮምኛ ያስተምር ጀመር። ነገር ግን በ1906 ካህናት በአቡነ ማቴዎስ ፊት ስለ ከሰሱት ከአገር እንዲወጣ ተፈረደበት። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ፍርዱን ለውጠው በነቀምቴ እንዲቀመጥ ፈቀዱለት፥ ስብከት ግን ተከለከለ። በዚያ ዘመን ለኦኔሲሞስ የቀረለት ተማሪ ቤቱ ብቻ ነበረ። አደባባዩን ቢያጣ በልጆች መካከል ተቀምጦ ፊደል ማስቈጠሩን አልናቀውም። በ1916 ልጅ ኢያሱ የመስበክ ፈቃድ እስኪሰጡት ድረስ እንዲሁ በትዕግሥት ኖረ። በ1931 ዐረፈ። ብዙ ሰዎችም እስከ ዛሬ አባ ገመቺስ እያሉ በአክብሮት ያስቡታል።

ከእርሱ በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። ኦኔሲሞስና አስቴር በግዕዝ ፊደል የጻፉት ኦሮምኛ ከ1991 ወዲህ ቁቤ በተባለው በላቲን ፊደል ይጻፋል። ዛሬ በሰንዳፋ፥ በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ኦሮምኛ በቁቤ፥ አማርኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ በአንድ ሰፈር የሚያድጉ ልጆችም ከየቤታቸው ልዩ ልዩ ቋንቋ ይዘው ይወጣሉ። ፊደሉ ቢለወጥም ምክሩ አልተለወጠም። በልጅ አነጋገር የሚሥቅ አስተማሪ፥ በጓደኛው ቋንቋ የሚያፌዝ ተማሪ ቢኖር ከዚያ ልጅ ስንቁን እንደሚቀማ ይወቅ። የተሣቀበት ልጅ ዝም ማለትን ይማራል፤ ዝም ያለ ልጅም የሌላውን ቃል ከመገልበጥ በቀር የራሱን አይጽፍም።

እንግዲህ እናንት የምታስተምሩ፥ የማታውቁትን ከልጆች ለመጠየቅ አትፈሩ። ኦኔሲሞስ ከደቀ መዝሙሩ በመማሩ ክብሩ አልጐደለም፥ መጽሐፉ ግን ሞላ። እናንተም ልጆች፥ ከቤታችሁ ባመጣችሁት ቋንቋ አትፈሩበት። ዛሬ ማታ ከአያታችሁ ወይም ከእናታችሁ አንድ እንቆቅልሽ ለምኑ፤ ነገም ወደ ተማሪ ቤት ስትመጡ በሚገባ ጽፋችሁ አምጡ። መምህራችሁ መልሱን ባያውቅ እናንተ ፍቱለት።