ኤቫንስ ፕሪቻርድ፤ ከጊሎ ወንዝ እስከ ቤንጋዚ ካቴድራል

በጋምቤላ ምድር ስለሚኖሩት ስለ ኑዌርና ስለ አኝዋክ ሕዝቦች በውጭ አገር ቋንቋ የተጻፉትን መጻሕፍት የሚያገላብጥ ሰው ሁሉ ከአንድ ስም ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ይኸውም የእንግሊዛዊው ሊቅ የኤድዋርድ ኤቫን ኤቫንስ ፕሪቻርድ ስም ነው። ምሁራን በትምህርታቸው፣ የታሪክ ጸሐፊዎች በጦርነቱ ዘመን በፈጸሙት አገልግሎት ያነሷቸዋል። ለእኛ ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደግሞ በሕይወታቸው ውስጥ ልናስተውለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ እኚህ ሰው ሊያጠኑት በመጡት ሕዝብ መካከል ራሳቸው ተማሪ ሆነው ተገኝተዋል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤቫንስ ፕሪቻርድ በ1902 በደቡብ እንግሊዝ ክሮውበሮ በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የዌልስ ተወላጅና የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ካህን ነበሩ። ልጅየው በኦክስፎርድ ታሪክን ከተማሩ በኋላ፣ የሰውን ልጅ አኗኗርና ባህል ወደሚመረምረው አንትሮፖሎጂ ወደሚባለው ትምህርት በለንደን ተሻገሩ። ከ1926 ጀምሮም በደቡብ ሱዳን በዛንዴ ሕዝብ መካከል እየኖሩ አጠኑ።

በ1930 በሱዳን መንግሥት ጠያቂነት ወደ ኑዌር አገር ሄዱ። ጊዜው ግን ለእንግዳ የሚመች አልነበረም። የመንግሥቱ ጦር ኑዌሮችን በኃይል ያስገበረው በቅርቡ ስለ ነበረ፣ ሕዝቡ ነጩን ሰው በጥርጣሬ ይመለከተው ነበር። ላቀረቡት ጥያቄ ቀና መልስ የሚሰጣቸው ሰው አጡ። በሰፈሩበትም ቦታ አንድ ማለዳ የመንግሥት ወታደሮች መጥተው መንደሩን ከብበው ሰዎችን በመያዣነት ወሰዱ። እርሳቸው ግን ተስፋ አልቆረጡም። ከብት ገዙ፤ ድንኳናቸውን ከከብቶቹ ማደሪያ አጠገብ ተከሉ፤ ቋንቋውንም ከሕዝቡ አፍ ተማሩ። በተለያየ ጊዜ እየተመላለሱ በድምሩ አንድ ዓመት ያህል ከኑዌሮች ጋር ኖረዋል።

በ1935 ወደ ኢትዮጵያ ገብተው የኦሮሞን ሕዝብ ባህል ለማጥናት አስበው ነበር። ይሁን እንጂ የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ እየተቃረበ በመምጣቱ ሐሳባቸው ሳይፈጸም ቀረ። በዚያው ዓመት በሱዳን በኩል ወዳለው የአኝዋክ አገር ዘልቀው ስለ መንደር አለቆች፣ ስለ ነገሥታቱ ዘርና የሥልጣን ምልክት ስለሆነው ዶቃ አጠኑ። ይህም ጥናት በ1940 ታተመ። በአኝዋኮች ዘንድ ያገኙት እውቀትና ወዳጅነት ብዙም ሳይቆይ ለጦር ሜዳ ሥራ ተፈለገ።

ኢጣሊያ በሰኔ ወር 1940 ከእንግሊዝ ጋር በገጠመችው ጦርነት ጊዜ ጋምቤላ በኢጣሊያ እጅ ነበረች። በ1902 በተደረገው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል መሠረት በባሮ ዳር የተቋቋመችው ይህች የንግድ ጣቢያ፣ በክረምት ወራት ከካርቱም የሚመጡ መርከቦች ቡና የሚጭኑባት ወደብ ነበረች። ከሱዳን በኩል ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለሚገባ ጦር መግቢያ በር ስለሆነች በሁለቱም ወገን ትፈለግ ነበር። ኤቫንስ ፕሪቻርድ በአገራቸው ጦር ውስጥ ለመግባት ቢሞክሩም ዩኒቨርሲቲው ስላልፈቀደላቸው ወደ ሱዳን ሄደው በዚያ በረዳት ጦሩ ውስጥ ተመዘገቡ። የተሰጣቸውም ሥራ በአኮቦና በጊሎ ወንዞች አካባቢ ከአኝዋክ ተወላጆች ጥቂት ተዋጊዎችን አሰባስቦ የኢጣሊያን ጦር ዕረፍት መንሣት ነበር።

የጦሩ ቁጥር አነስተኛ፣ መሣሪያውም ጥቂት ነበር። አገሩን የሚያውቁት፣ ሣሩንና ረግረጉን የሚሻገሩት፣ የጠላትንም እንቅስቃሴ የሚሰልሉት አኝዋኮቹ ናቸው። ኤቫንስ ፕሪቻርድ ስለዚሁ ዘመቻ በኋላ በጻፉት ታሪክ፣ እነዚህ ሰዎች በደረቅ ትእዛዝ እንደማይመሩ፣ መሪያቸው ራሱ ቀድሞ ሲሄድ ግን በድፍረት እንደሚከተሉት ገልጸዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በጥር 1941 ወደ ጎጃም ገብተው ነበር። በመጋቢት ወር 1941 ጋምቤላ ከኢጣሊያ እጅ ወጣች። በሐምሌ ወር ደግሞ ከደጋው ላይ በሳዮ፣ ማለትም በደምቢ ዶሎ፣ የነበረው የጄኔራል ጋዜራ ጦር ከቤልጅግ ኮንጎ ለመጣው ሠራዊት እጁን ሰጠ።

እዚህ ላይ ልናስታውሰው የሚገባ ነገር አለ። የእንግሊዛዊው መኮንን ስም በዓለም ዙሪያ ሲታወቅ፣ ከእርሳቸው ጋር በጊሎ ዳር የተዋጉት አኝዋኮች ስም ግን በሰፊው አልተነገረም። ያለ እነርሱ ዘመቻው ከቶ ሊሆን አይችልም ነበር። ታሪክን ለልጆቻችን ስንነግር የአንዱን ክብር ሳንነሣ የሌሎቹንም ልናነሣ ይገባናል። የሰው ደም የፈሰሰበትን ነገር ስናወራም፣ በሁለቱም ወገን የወደቁት ሁሉ የእግዚአብሔር ፍጡራን እንደ ነበሩ መርሳት የለብንም።

ከኢትዮጵያ ዘመቻ በኋላ ኤቫንስ ፕሪቻርድ ለጥቂት ጊዜ በሶርያ አገለገሉ። በ1942 ከኢጣሊያ እጅ እየተለቀቀች ወደነበረችው ወደ ሊቢያ ተላኩ። በዚያም የምሥራቅ ሊቢያ ዘላኖችን ኑሮና የሰኑሲ ማኅበር በኢጣሊያ አገዛዝ ላይ ያደረገውን ተጋድሎ ተረድተው በ1949 መጽሐፍ አሳተሙ። የሕይወታቸው ትልቁ እርምጃ የተፈጸመውም በዚያው አገር ነው፤ በ1944 በቤንጋዚ ካቴድራል ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ካቴድራሉን የሠሩት ኢጣሊያኖች ነበሩ። ከሦስት ዓመት በፊት በጊሎ ዳር ኢጣሊያኖችን ሲወጋ የነበረው መኮንን፣ እነዚያው ኢጣሊያኖች በሠሩት ቤተ መቅደስ ውስጥ ተንበረከከ። ቤተ ክርስቲያን ኵላዊት ናት ስንል እንዲህ ያለውንም ማለታችን ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ከ1946 እስከ 1970 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የአንትሮፖሎጂ መምህርና የትምህርቱ ክፍል ኃላፊ ሆኑ። በ1956 የኑዌርን ሕዝብ ሃይማኖት የሚመለከተውን መጽሐፋቸውን አወጡ። በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት የአፍሪካን እምነት ከፍርሃትና ከድንቁርና የተወለደ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። እርሳቸው ግን ኑዌሮች ሁሉን የፈጠረ፣ እንደ ነፋስ የማይታይና በሁሉ ስፍራ ያለ አንድ መንፈስ እንደሚያመልኩ፣ አባታችን እያሉም እንደሚጠሩት አስረዱ። ኑዌር በደሉን ተናዝዞ በሬ ይሠዋል፤ በሬ ያጣ ድሃ ደግሞ ዱባ የመሰለ የዱር ፍሬ ይዞ በሬ ብሎ ጠርቶ ያቀርባል። የመሥዋዕቱ ቁም ነገር በልብ እንደ ሆነ ያ ሕዝብ ያውቅ ነበርና። ሊቁ በመጨረሻ ዘመናቸው፣ ስለ እግዚአብሔር ባሕርይና ስለ ሰው ልጅ ችግር በትውልድ አገራቸው ከተማሩት ይልቅ ከኑዌሮች የተማሩት እንደሚበልጥ መስክረዋል።

የኋላ ሕይወታቸው ከሐዘን የራቀ አልነበረም። ባለቤታቸው በ1959 አምስት ልጆች ትተው ዐረፉ። እርሳቸውም በ1971 ከአገራቸው ንግሥት የክብር ማዕረግ ተቀብለው፣ በ1973 በኦክስፎርድ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ሐዋርያዊ ተልእኮ ባወጣው ሰነድ፣ ክርስቲያኖች በሕዝቦች ባህል ውስጥ የተሰወረውን የቃሉን ዘር በደስታና በአክብሮት እንዲፈልጉ አሳስቧል። ኤቫንስ ፕሪቻርድ ይህን ሥራ የጀመሩት ከጉባኤው አስቀድሞ ነው። ስለ አኝዋክና ስለ ኑዌር፣ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ ሳያደርጉ፣ ሁለቱንም በእኩል ክብር ጽፈዋል። ሁለቱ ሕዝቦች እርስ በርሳቸው ደም በተቃቡበት ምድር ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም። የትምህርተ ክርስቶስ መምህርም ወደ አንድ መንደር ሲገባ አስቀድሞ ቋንቋውን ይማር፤ የሽማግሌዎቹን ጸሎት ያዳምጥ፤ ጎረቤቱንም ሕዝብ እንዲሁ ያክብር። እግዚአብሔር ከእርሱ በፊት በዚያ መንደር ነበርና።