መጋዙን ወደ ዛፉ ያመጣው ሰው

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ የባህር ዛፍ ይዞታ ያለው አንድ ዘመዴ በቅርቡ የሞተር መጋዝ ሊገዛ ፈልጎ ምክሬን ጠየቀኝ። ሕግ የተማረ ሰው ስለ መጋዝ ምን ያውቃል አትበሉ። በእኛ ቤተሰብ ዘንድ አንዴ ዲግሪ የያዘ ሰው ከውል እስከ ካንዴላ ሁሉን እንደሚያውቅ ይታሰባል። ደግሞም በጉዳዩ ላይ የራሴ ቁስል አለኝ። ከዓመታት በፊት ስሙን ከማልጠራው ሱቅ በርካሽ የገዛሁት መጋዝ በሦስተኛው ወር ሞተሩ ተጣብቆ ቀረ። መለዋወጫ ፍለጋ ብዞርም አላገኘሁም። ስለዚህ በዚህ ጊዜ ነገሩን ከሥሩ ላጥና ብዬ ተነሳሁ። ሳጠና ግን ከመጋዙ ይልቅ ከስሙ በስተጀርባ ያለው ሰው አእምሮዬን ያዘው።

አንድርያስ ስቲል (ጀርመኖቹ ሽቲል ይሉታል) በ1896 በስዊዘርላንድ ዙሪክ ከተማ ተወለደ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። በሙያው መሐንዲስ የሆነው ስቲል በ1926 በጀርመን ሽቱትጋርት ከተማ የራሱን አነስተኛ ድርጅት አቋቋመ። መጀመሪያ የሠራው ለእንፋሎት ቦይለር የሚሆን ማቃጠያ እንጂ መጋዝ አልነበረም። ሐሳቡ ግን ጫካው ውስጥ ነበር። በዚያ ዘመን ግንድ የሚቆረጠው በመጥረቢያና ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው በሚስቡት መጋዝ ነው። ከዚያ ከባዱ ግንድ እየተጎተተ መሰንጠቂያው ወዳለበት ይሄዳል። ስቲል ነገሩን ገለበጠው። ዛፉ ወደ መጋዙ ከሚሄድ መጋዙ ወደ ዛፉ ይምጣ አለ።

በዚያው በ1926 የሠራው የመጀመሪያው መጋዝ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን 64 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር። ሁለት ሰው ካልያዘው አይንቀሳቀስም። ደግሞስ ጫካ ውስጥ ኤሌክትሪክ ከየት ይመጣል? በ1929 ወደ ቤንዚን ዞረና 6 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ 46 ኪሎ ግራም የሚመዝን መጋዝ አወጣ። ለፍትሕ ሲባል መነገር ያለበት ግን በቤንዚኑ መጋዝ የቀደመው መኖሩ ነው። ኤሚል ሌርፕ የተባለ ጀርመናዊ በ1927 የቤንዚን መጋዙን በቱሪንጊያ በሚገኘው የዶልማር ተራራ ላይ ሞክሮ ለምርቱም የተራራውን ስም ሰጥቶታል። ዶልማር በ1991 በጃፓኑ ማኪታ ተገዛ። ሦስተኛው ታላቅ ስም የስዊድኑ ሁስክቫርና ነው። ይህ ድርጅት በ1689 የጠመንጃ ፋብሪካ ሆኖ የተመሠረተ ሲሆን የሞተር መጋዝ መሥራት የጀመረው በ1959 ነው።

የስቲል ታሪክ እዚህ ላይ ቢያበቃ የትጉህ ሰው ታሪክ ብለን እናልፈው ነበር። ሆኖም ስቲል በ1933 የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ። የኤስ ኤስ አባልም ነበር፤ በዚያም ከሻምበል ጋር የሚስተካከል ማዕረግ ደረሰ። ጦርነቱ ሲያበቃ የተባበሩት ኃይሎች ይዘው እስከ 1948 አቆዩት።

የሕግ ሰው ነኝና እዚህ ላይ ቆም ማለት ግድ ይለኛል። በአሜሪካኖች ሥር በነበረው የጀርመን ክፍል በመጋቢት 1946 የወጣው ሕግ ሰዎችን በአምስት ይመድብ ነበር፦ ዋና ጥፋተኛ፣ ጥፋተኛ፣ ቀላል ጥፋት ያለበት፣ ተከታይ እና ነጻ። ስቲል የተመደበው በአራተኛው፣ ማለትም በተከታይነት ነው። በሕጉ ተከታይ ማለት በስም ብቻ ወይም እዚህ ግባ በማይባል መጠን የተሳተፈ ሰው ነው። የሻምበልነት ማዕረግ የያዘ ሰው በስም ብቻ አባል ነበር ማለት ለእኔ ይከብደኛል። እኛም ይህን ፈተና እናውቀዋለን። በ1992 የተቋቋመው የልዩ ዓቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የደርግ ዘመን ተከሳሾችን ፖሊሲ ያወጡ፣ ትእዛዝ ያስተላለፉና በእጃቸው የፈጸሙ ብሎ በሦስት ከፍሎ ነበር። በእኛ ምድብ ውስጥ ዝም ብሎ የተከተለ የሚባል ቦታ የለም። የቱ ምደባ ይሻላል የሚለውን ለአንባቢ ልተወው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ የሞተን ሰው ለመጨፍጨፍ አይደለም ይህን ማንሳቴ። ስሙን አምነን ገንዘብ የምናወጣ ሰዎች ሙሉውን ታሪክ ማወቅ ስለሚገባን ነው።

ከእስር የተፈታው ስቲል ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1950 አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራበት 16 ኪሎ ግራም የሚመዝን የቤንዚን መጋዝ ወጣ። በ1959 ደግሞ ኮንትራ የተባለው መጣ፤ 6 የፈረስ ጉልበት በ12 ኪሎ ግራም። ልብ በሉ፣ ከ30 ዓመት በፊት ይኸው ጉልበት 46 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር። ድርጅቱ በ1971 በዓለም በብዛት የሚሸጥ የሞተር መጋዝ ባለቤት ሆነ። ስቲል በ1973 ሲሞት አመራሩን ልጆቹ ተረከቡት። ባለቤትነቱ እስከ ዛሬ ከቤተሰቡ አልወጣም።

አሁን ወደ ዘመዴ ጥያቄ ልመለስ። በጉልበት ረገድ ትልልቆቹ ስሞች ያን ያህል አይበላለጡም። የስቲል ኤም ኤስ 661ም ሆነ የሁስክቫርና 395 ከ7 የፈረስ ጉልበት በላይ አላቸው፤ ክብደታቸውም መቁረጫ ምላሳቸውና ሰንሰለታቸው ሳይጨመር ከ8 ኪሎ ግራም በታች ነው። ለቀጫጭን ባህር ዛፍ ግን ይህ ሁሉ ጉልበት ትርፍ ነው፤ ከዚህ ግማሹ ይበቃል። ጥንካሬን በተመለከተ መጋዝን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ነው። ዘይት ሳይቀላቀልበት በቤንዚን ብቻ የሠራ ባለ ሁለት ምት ሞተር የማንም ስም ቢለጠፍበት አይተርፍም። ሁለቱም አምራቾች ለ50 እጅ ቤንዚን 1 እጅ ዘይት ይላሉ። አየር ማጣሪያውን ማጽዳትና ሰንሰለቱን መሳል ደግሞ የየዕለት ሥራ ነው። ዋጋን በተመለከተ ከመግዣው ይልቅ መለዋወጫው የት እንደሚገኝና ማን እንደሚጠግነው ይጠየቅ። እኔን ያከሰረኝ ይህን አለመጠየቄ ነው።

ዘመዴ ምክሬን ሰምቶ ሲያበቃ ታዲያ የናዚ መጋዝ ልግዛ ወይ ብሎ አፋጠጠኝ። ብረት ፓርቲ የለውም ብዬ ልመልስለት ፈልጌ ነበር። ግን ብረቱን የሠራው ሰው ፓርቲ ነበረው። ስለዚህ መጋዙን በመጋዝነቱ፣ ሰውየውን በሥራው ለየብቻ መዝን አልኩት። ጥሩ ሞተር መሥራት የትናንቱን ሒሳብ አያወራርድም፤ የትናንቱ ጥፋትም ሞተሩን መጥፎ አያደርገውም። ሁለቱን አምታተን ስናበቃ ነው በመጋዙም በታሪኩም የምንታለለው።

ቸር እንሰንብት።